ሳውንድ ካርድ በመኪና ውስጥ

እ.ኤ.አ. በ2001 ቪያ የተባለው የታይዋን ኩባንያ ጎኑ በየአቅጣጫው 17 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሆነ ማዘርቦርድ አስተዋወቀ። በአሜሪካና በአውሮፓ ኮምፒውተርን መኪናቸው ውስጥ መትከል ለሚመኙ ሰዎች ይህ ትልቅ ዜና ነበር። ሙዚቃው፣ ፊልሙ፣ ካርታውና ሬዲዮው አንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ ገቡ። ስለ ስክሪኑ ብዙ ተወርቷል፤ የሥራው ጥበብ ያለው ግን ሳውንድ ካርዱ ላይ ነው።

መኪና ለድምፅ ክፉ ቦታ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን አብሮት የሚቀጥን ፉጨት ከስፒከር ሲወጣ ያልሰማ ሾፌር ጥቂት ነው። ምንጩ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ነው። ኮምፒውተሩ ከፊት፣ አምፕሊፋየሩ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ሲሆን ሁለቱም ኔጌቲቫቸውን የሚያስሩት ከመኪናው ብረት ጋር ነው፤ ግን በተለያየ ቦታ። በሁለቱ ማሰሪያዎች መካከል ትንሽ የቮልት ልዩነት ይፈጠራል፣ ልዩነቱም በድምፅ ሽቦው በኩል መንገድ ያገኛል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ ሙዚቃውንና ፉጨቱን ሳይለይ ያጎላል።

መፍትሔው ድምፁን እስከ መጨረሻው ድረስ በቁጥር ማጓዝ ነው። በዲጂታል መስመር ተቀባዩ የሚለየው ዜሮንና አንድን ብቻ ስለሆነ ትንሽ ረብሻ መልእክቱን አያበላሽም። ያም ሆኖ የመዳብ ዲጂታል ሽቦ የሁለቱን ዕቃዎች ብረት ያገናኛል፤ ፉጨቱም በዚያ በኩል ተሻግሮ አናሎግ ክፍሉን ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ለመኪና የሚመረጠው ቶሺባ በ1983 ያወጣው ቶስሊንክ የተባለው የብርሃን ገመድ ነው። በውስጡ የሚያልፈው ቀይ ብርሃን እንጂ ኤሌክትሪክ ስላልሆነ የረብሻው መንገድ ከነጭራሹ ይቆረጣል። ከወንበር ሥር ሲዘረጋ ግን በኃይል መታጠፍ የለበትም።

አሁን ወደ ካርዱ እንግባ። ዲጂታል መውጫው አንድ ነው፣ የድምፅ ምንጮቹ ግን ብዙ ናቸው፦ የሙዚቃ ፋይል፣ መንገድ የሚመራው የካርታ ድምፅ፣ ስልክ፣ ኤፍኤም ሬዲዮ። የሬዲዮ መቀበያው አናሎግ ከሆነ ድምፁ በካርዱ መግቢያ ገብቶ መጀመሪያ ወደ ቁጥር መለወጥ አለበት። ከዚያ ሁሉም ካርዱ ላይ ባለው ቺፕ ተደምረው በአንድ መስመር ይወጣሉ። ክሪኤቲቭ ያመረተው ሳውንድ ብላስተር ኦዲጂ 2 ዜድኤስ በዚህ ሥራ የተወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ኬኤክስ የተባለውን በአድናቂዎች የተሠራ ድራይቨር የጫነ ሰው መግቢያና መውጫዎቹን ስክሪኑ ላይ እንደ ሳጥን ያያቸዋል፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገናኝም በመስመር ራሱ ይወስናል። ለእኔ ከዚህ የተሻለ የድምፅ ትምህርት ቤት የለም።

የካርዱ የስሌት ቺፕ የሚሠራው በሰከንድ በ48,000 ናሙና ነው። ሲዲ ግን 44,100 ነው፤ ስለዚህ የሲዲ ሙዚቃ በመንገድ ላይ እንደገና ይሰላል። ጥሩ የማጫወቻ ፕሮግራም ይህን ስሌት አስቀድሞ ቢሠራው ይመረጣል።

በዲጂታል መስመሩ ያልታመቀ ድምፅ በሁለት ቻናል ብቻ ያልፋል። ዲቪዲው ላይ ያለው ባለ 5.1 ዶልቢ ታምቆ እንዳለ ይሄዳል፣ የሚፈታውም ከኋላ፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት የሚገባው የድምፅ ፕሮሰሰር ነው። የታመቀ ድምፅ በኮምፒውተሩ ቮልዩም አይቀነስም፤ ከካርታው ድምፅም ጋር አይደመርም። በዚህ ምክንያት የቮልዩሙ ሥልጣን ለፕሮሰሰሩ ይሰጥ። የጊዜ ማስተካከያም የእሱ ሥራ ነው፦ ድምፅ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ 34 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከሌላው ይልቅ ለሾፌሩ በ70 ሴንቲ ሜትር የሚቀርበው ስፒከር በሁለት ሺኛ ሰከንድ እንዲዘገይ ይደረጋል። ያኔ ዘፋኙ ከበሩ ሥር ወጥቶ ከመስታወቱ ፊት የቆመ ይመስላል።

መኪናዎ ውስጥ ኮምፒውተር ለመትከል ካሰቡ፣ ስክሪን ከመግዛትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ፦ ካርዱ ዲጂታል መውጫ እንዳለው፣ ከውጭ የገባውን የሬዲዮ ድምፅም በዚያው መውጫ ማስወጣት እንደሚችል። ከማዘርቦርድ ጋር ከሚመጡት ካርዶች የመጀመሪያውን የሚያሟሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ሁለተኛው ላይ ነው።