የአልኮል መጠጥ ለጉበት ካንሰር እንዴት ይዳርጋል?

የጉበት ካንሰር በዓለማችን በርካታ ሰዎችን ለሞት ከሚዳርጉ የካንሰር ዓይነቶች መካከል በሦስተኛ ደረጃ ላይ የሚገኝ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ በ2022 ብቻ ከ860 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን የተመዘገቡ ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ከ750 ሺህ በላይ ሰዎች በዚሁ በሽታ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ለበሽታው መከሰት በዋነኛነት የሚጠቀሱት ምክንያቶች ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የተባሉት ቫይረሶች፣ በአግባቡ ባልተከማቸ እህልና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተሰኘ መርዝ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ የስኳር በሽታ እና የአልኮል መጠጥ ናቸው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ በ1988 የአልኮል መጠጦችን ካንሰር ማስከተላቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስፍሯቸዋል።

ወደ ሰውነት የሚገባው አልኮል አብዛኛው የሚብላላው በጉበት ውስጥ ነው። በዚህ ሂደት አልኮሉ በቅድሚያ አሴታልዲሃይድ ወደተባለ መርዛማ ውህድ ይለወጣል። ይህ ውህድ የሴሎችን ዘረመል የሚጎዳ ከመሆኑም በላይ የተጎዳው ዘረመል እንዳይጠገን እንቅፋት ይሆናል። ጉዳቱ በየጊዜው ሲደጋገም አንዳንድ ሴሎች ከቁጥጥር ውጪ መባዛት ይጀምራሉ። አልኮል የሰውነትን በሽታ የመከላከል አቅም ስለሚያዳክምም እነዚህ ሴሎች ሳይወገዱ የመቆየት ዕድላቸው ይሰፋል።

ጉዳቱ በአንድ ጀንበር የሚከሰት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ የሚጠናከር ነው። በመጀመሪያ በጉበት ላይ ስብ ይከማቻል፤ ቀጥሎ ጉበቱ ይቆጣል፤ ከዚያም የተጎዳው ክፍል በጠባሳ እየተተካ ሄዶ ሲሮሲስ ወደተባለው ደረጃ ይደርሳል። በአልኮል ሳቢያ የሚመጣው የጉበት ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ሲሮሲስ በያዘው ጉበት ላይ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ መጠጥ ሲቆም በሳምንታት ውስጥ ሊስተካከል የሚችል ሲሆን፣ ሥር የሰደደ ጠባሳ ግን ሙሉ በሙሉ የመመለስ ዕድሉ አነስተኛ ነው።

አሳሳቢው ጉዳይ ጉበት እስከ መጨረሻው ድረስ የሕመም ስሜት ሳያሳይ መቆየቱ ነው። ዐይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥርና ክብደት ሲቀንስ በሽታው በአመዛኙ ሥር ሰዷል። ስለሆነም ጠጪው ሕመም አለመሰማቱን እንደ ጤንነት ማረጋገጫ ሊወስደው አይገባም።

በአገራችን ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ሥርጭት ነው። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ ያለ ሰው አልኮል ሲያዘወትር ሁለቱ ጉዳቶች ተደራርበው በካንሰር የመያዝ አደጋውን ከፍ ያደርጉታል። ክትባቱ ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም በመሆኑ፣ ዛሬ በመሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሠራተኞች አብዛኞቹ በሕፃንነታቸው አላገኙትም። በመሆኑም ቫይረሱ እንዳለባቸው ሳያውቁ የሚጠጡ ሰዎች መኖራቸው አይቀርም።

የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ እ.ኤ.አ በ2018 ባወጣው ሪፖርት በቀን 45 ግራም ገደማና ከዚያ በላይ ንጹሕ አልኮል መውሰድ ለጉበት ካንሰር እንደሚያጋልጥ አሳማኝ ማስረጃ መኖሩን አስታውቋል። የአልኮል መጠኑ 5 በመቶ የሆነ ባለ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ 13 ግራም ያህል አልኮል ስለሚይዝ፣ የተጠቀሰው መጠን ከሦስት ጠርሙስ ተኩል ጋር ይስተካከላል። 40 በመቶ አልኮል ያለው አረቄ ደግሞ በ50 ሚሊ ሊትር ብቻ 16 ግራም ያህል ይይዛል። ይህ ሲባል ግን ከዚያ በታች የሆነው መጠን ከጉዳት ነፃ ነው ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በጥር 2023 ባወጣው መግለጫ ለጤና አስጊ ያልሆነ የአልኮል መጠን የለም ብሏል።

አንዳንዶች ጠላና ጠጅ በቤት ውስጥ ስለሚዘጋጁ፣ ሌሎች ደግሞ ምግብ በልተው ስለሚጠጡ ጉዳት የሚያገኛቸው አይመስላቸውም። ይሁንና ጉበትን የሚጎዳው በመጠጡ ውስጥ ያለው አልኮል እንጂ የመጠጡ ዓይነት አይደለም። ምግብም ቢሆን አልኮሉ ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ከማዘግየት በስተቀር ጉበት የሚያብላላውን አልኮል አያስቀርም።

በ2011 ዓ.ም የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ፣ መጠጡም ዕድሜያቸው ከ21 ዓመት በታች ለሆኑ ሰዎች እንዳይሸጥ ደንግጓል። ሕጉ ተጋላጭነትን ለመቀነስ የሚረዳ ቢሆንም፣ የአዋቂው ጤንነት በአመዛኙ በራሱ ውሳኔ ላይ የተመሠረተ ነው።

ስለዚህም እያንዳንዱ ሠራተኛ የሄፓታይተስ ቢ የደም ምርመራ ማድረግ፣ ነፃ ከሆነ መከተብ፣ ቫይረሱ ከተገኘበት ደግሞ ከመጠጥ ሙሉ በሙሉ ታቅቦ የሐኪም ክትትል መጀመር ይኖርበታል። ሲሮሲስ ያለባቸው ሰዎች በየስድስት ወሩ በአልትራሳውንድ ቢመረመሩ ዕጢው ገና ትንሽ ሳለ ሊደረስበትና በቀዶ ሕክምና ሊወገድ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ለሠራተኞቻቸው የምርመራ ጊዜ በማመቻቸትና በግብዣዎች ላይ አልኮል አልባ መጠጦችን በማቅረብ የበኩላቸውን አስተዋጽኦ ሊያበረክቱ ይችላሉ። መጠጥ ያቆመ ሰው በበሽታው የመያዝ አደጋው በአንድ ጊዜ ባይጠፋም ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ የሚሄድ በመሆኑ፣ ውሳኔው ዘግይቶም ቢሆን ጠቃሚ ነው።