«ኮሪያ ነው» ሲሉን፦ ከሴኡል የገበያ ሰፈሮች እስከ ሰኞ ገበያ



በዚህ እትም በየዶርሙ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ይዘን ቀርበናል። «ይሄ የኮሪያ ክሬም እውነተኛ ነው? ሐላል ነው? ለውዱእስ ችግር የለውም?» የሚጠይቁት እህቶች ብቻ አይደሉም። ወንድሞችም የፊት መታጠቢያውን፣ ሰንስክሪኑን፣ ሰፋ ያለውን ሱሪና ሹራብ በኮሪያ ድራማ አይተው ይፈልጋሉ። ከኮምቦልቻ ግቢ ተነስተን ሐረጎን ወጥተን ደሴ ስንገባ፣ በተለይ ሰኞ ገበያን ስንዞር፣ «ኮሪያ ነው፣ ኦርጅናል ነው» የሚለውን ቃል ሳንሰማ አንመለስም። በዚህ ቃል ብቻ ቤተሰብ ከጉሮሮው ቀንሶ የላከልን ገንዘብ ከኪሳችን ይወጣል፣ የማናውቀው ነገር ፊታችን ላይ ይቀባል። ስለዚህ «ኮሪያ ነው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ዕቃው ከሚነሳበት ጀምረን እንመልከት።

ሴኡል ውስጥ ገበያው እንዴት ይሠራል?

በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ለውበት ዕቃ በጣም የታወቀው ሰፈር ሚዮንግዶንግ ነው። በእግር በሚኬድባቸው መንገዶች ግራና ቀኝ የክሬም፣ የፊት ማስክና የሰንስክሪን ሱቆች ተደርድረዋል። የኮሪያን ቅባት ለተራው ሰው ያደረሰው የዋጋ ፉክክር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሻ የሚባለው ብራንድ የመጀመሪያ ሱቁን ከፍቶ ቅባት በ3,300 ዎን መሸጥ ሲጀምር፣ ውድ ማሸጊያ ያላቸው ትልልቅ ብራንዶች ብቻ የያዙት ገበያ ተከፈተ። ሌሎችም ተከተሉት። በውድ ዋጋና በሚያምር ዕቃ መወዳደር ሲያቅት የቀረው በውስጡ ባለው ነገር መወዳደር ነው። የኮሪያ ዕቃ ላይ «ኒያሲናማይድ 5 በመቶ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የምናየው ለዚህ ነው።

ለልብስ ደግሞ ዶንግዴሙን አለ። ትርጉሙ «ትልቁ የምሥራቅ በር» ነው። ጓንግጃንግ የሚባለው የአካባቢው ገበያ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ዶንግዴሙንን ለመረዳት አይቸገርም፤ ጨርቁ፣ ቁልፉ፣ ዚፑ፣ ሰፊውና ጅምላ ሻጩ ሁሉ በአንድ አካባቢ ናቸው። የጅምላ ሱቆቹ ማታ ተከፍተው እስከ ንጋት ይሠራሉ። ዛሬ የተነደፈ ልብስ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይወጣል።

ይህ ፍጥነት ዋጋ ተከፍሎበታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 13 ቀን 1970 ጆን ቴኢል የተባለ የ22 ዓመት ሠራተኛ እዚያው ፒዮንግህዋ ገበያ ደጃፍ ላይ ራሱን በእሳት አቃጥሎ ሞተ። የሚጠይቀው የአገሩ የሠራተኛ ሕግ በልብስ ስፌት ቤቶቹ ውስጥ እንዲከበር ነበር። ድርጊቱን ዲናችን አይፈቅደውም። ጥያቄው ግን ትክክል ነበር፤ እዚሁ ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ለስፌት ለተቀጠሩ እህቶቻችንም የሚነሳ ጥያቄ ነው። የሠራተኛን ላብ ሳይደርቅ ክፈሉ የተባልን ኡማ፣ ርካሽ ልብስ ስናይ ማን በስንት ሰፋው ብለን ማሰብ ይገባናል።

ወደ እኛስ በምን ይደርሳል?

በአራት መንገድ ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ፈቃድ ያለው አስመጪ በጉምሩክ ያስገባው ነው። ሁለተኛው ከዱባይ፣ ከሳዑዲ ወይም ከሌላ አገር በመንገደኛ ሻንጣ የሚመጣው ነው። ሦስተኛው ልባሽ ወይም ሰልባጅ የምንለው በቦንዳ የሚመጣ ልብስ ነው። ደቡብ ኮሪያ ያገለገለ ልብስ በብዛት ወደ ውጭ ከሚልኩ አገሮች አንዷ ስለሆነች ቦንዳ ውስጥ የኮሪያ ልብስ መገኘቱ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ያገለገለ ልብስ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ መሆኑን ማወቅ አለብን። አራተኛው ከሦስቱም አይደለም፤ ሌላ ቦታ ተሠርቶ የኮሪያ ፊደል የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ዕቃ ነው። ሻጩ «ኮሪያ ነው» ሲል ከአራቱ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ብዙ ጊዜ ራሱም አያውቅም።

አንድ ነገር እንጨምር። የኮሪያ ጨርቅ ከድራማው ጋር የመጣ አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለአባያና ለጀለቢያ የሚሆነው የኮሪያ ፖሊስተር ከታወቀ ቆይቷል። ከዐረብ አገር የተመለሱ እናቶቻችንና እህቶቻችን ያመጡትን ጥቁር አባያ ምልክቱን ብናየው «ኮሪያ» የሚል ልናገኝበት እንችላለን።

ማሸጊያውን ማንበብ

አሁን ወደ ክሬሙ እንምጣ። የሚከተሉትን ነጥቦች ከመክፈላችን በፊት ሱቁ ውስጥ ቆመን ማየት እንችላለን።

ቀን፦ ኮሪያውያን ቀን የሚጽፉት ከዓመት ጀምረው ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። ብዙዎች ዕቃዎች ላይ የተመረተበት ቀን ብቻ ይጻፋል። ስለዚህ ያለፈ ቀን ያየን ሁሉ ዕቃው አልፎበታል ማለት አይደለም፣ ቀን ስላለው ብቻም ደህና ነው ማለት አይደለም። ስልካችን ላይ ባለው የካሜራ መተርጎሚያ ቃሉን እናስነብበው፤ «የተመረተ» ወይም «እስከ» የሚለውን ይነግረናል። ክዳኑ የተከፈተ ዕቃ ሥዕል ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ ከተከፈተ በኋላ ስንት ወር እንደሚያገለግል ያሳያል።

ባርኮድ፦ በ880 የሚጀምር ቁጥር ኮሪያ ውስጥ የተመዘገበ ድርጅት ቁጥር ነው። ነገር ግን ቁጥርን ማንም ማተም ይችላል። ከሌለበት እንጠርጥር፤ ስላለበት ብቻ ግን አንመን።

ንጣት፦ ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነው። በኮሪያ ሕግ ቆዳን አፈካለሁ የሚል ቅባት ከመሸጡ በፊት መንግሥት ያየዋል፤ የሚፈቀዱት እንደ ኒያሲናማይድና አርቡቲን ያሉ ቀስ ብለው የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። ሜርኩሪ ክልክል ነው፤ ሃይድሮኪኖንም በቅባት ውስጥ አይፈቀድም። እንግዲህ «በ7 ቀን ያነጣል» የሚል ክሬም የኮሪያ ፊደል ቢኖረውም ከሚዮንግዶንግ ሥርዓት ጋር አይገናኝም። በፍጥነት የሚያነጡ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ ወይም ጠንካራ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል። ሜርኩሪ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፣ ለፅንስም ይተርፋል። ስቴሮይድ መጀመሪያ ፊትን ያጠራና በኋላ ቆዳን ያሳሳል፣ ብጉር ያወጣል፣ ሲያቆሙት ደግሞ ያባብሳል። ከጤናው በላይ ደግሞ አላህ አስውቦ የፈጠረውን የጠይምነት መልክ እንደ በሽታ እንድናይ የሚያደርገን ማስታወቂያ አለ። የቢላል ረዲየላሁ ዐንሁ አገር ልጆች ይህን ልንቀበል አይገባም።

የሚጠቅመን የትኛው ነው ካልን ሰንስክሪን ነው። ደሴ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ብርዱ ፀሐዩን ያስረሳናል እንጂ ጨረሩ አለ። ማድያት ላለባት እህት ከማንጫ ክሬም ይልቅ ሰንስክሪን ይበልጥ ይረዳታል። ኤስፒኤፍ 30 የሚለው ከጨረሩ አንዱን ዓይነት 97 በመቶ ያህል፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ያህል ይከላከላል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለ50ው ብለን እጥፍ መክፈል የለብንም።

ሐላልና ውዱእ

«አልኮሆል» የሚለው ቃል ብዙዎችን ያስደነግጣል። ሴቲል አልኮሆልና ሴቴሪል አልኮሆል እንደ ሰም ያሉ፣ የማያሰክሩ ቅባታማ ነገሮች ናቸው፤ ኬሚስትሪ ስማቸውን ከኤታኖል ጋር አንድ ቤተሰብ ውስጥ አስገባው እንጂ ኸምር አይደሉም። ይበልጥ መጠየቅ ያለበት ኮላጅን፣ ፕላሴንታና ግሊሰሪን ከየት እንደመጡ ነው፤ ከዓሣ፣ ከተክል ወይም ከአሳማ ሊሆኑ ይችላሉ። የኮሪያ ሙስሊሞች ፌዴሬሽን ሐላል ማረጋገጫ ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተከፈተው የሴኡል ማዕከላዊ መስጂድ የሚገኘውም ኢቴዎን በሚባለው ሌላው የገበያ ሰፈር ነው። ኢንዶኔዥያም ለቅባቶች ሐላል ማረጋገጫን ግዴታ እያደረገች ስለሆነ የኮሪያ ፋብሪካዎች ወደዚያ ለመሸጥ ሲሉ ማረጋገጫውን እየፈለጉ ነው። ጠያቂ ገዢ አምራችን ይለውጣል ማለት ነው።

ውዱእን በተመለከተ መለኪያው ውሃ ቆዳ መድረሱ ነው። ወደ ቆዳ የሚገባ ቅባት ችግር የለውም፤ ሽፋን የሚሠራውን ግን፣ እንደ ጥፍር ቀለም፣ ከውዱእ በፊት ማንሳት ያስፈልጋል። «ውሃ የማያስለቅቀው» የሚል ሰንስክሪን ወይም ሜካፕ ከገዛን በሳሙና አጥበን እናንሳው። ቅርጹን ስለለወጠ ነጃሳ (ኢስቲሓላ) የዑለማዎች ልዩነት ስላለ፣ ሐነፊም ሆንን ሻፊዒይ የየመዝሀባችንን ኡስታዞች እንጠይቅ።

ለምንሸጥ ሰዎች

ከመካከላችን በቴሌግራም የኮሪያ ቅባት እየሸጡ ትምህርታቸውን የሚረዱ እህቶችና ወንድሞች አሉ። አላህ ሪዝቃቸውን ይባርክላቸው። አንድ አደራ ብቻ አለን፤ ከትልቁ ዕቃ ወደ ትንንሽ ብልቃጥ እየቀነሱ መሸጥ ይቅር። ክሬሙ ማሸጊያውን ሲያጣ ቀኑም፣ ይዘቱም፣ አምራቹም አብረው ይጠፋሉ፤ በእጅ ሲነካም ይበከላል። ነቢዩ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ባገኙ ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ከላይ አድርጎ ለሰው ለምን እንዳላሳየ ጠየቁት። የእኛ ዘመን ክምር ሥር ያለው እርጥበት በማሸጊያው ጀርባ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈው ነው። የማናውቀውን «ኮሪያ ነው» ከማለት «ከየት እንደመጣ አላውቅም» ማለት ለዱንያም ለአኼራም ይቀላል።

ለምንገዛ ሰዎች ደግሞ፦ አዲስ ክሬም ስንጀምር መጀመሪያ ክንዳችን ውስጠኛ ክፍል ላይ ትንሽ ቀብተን አንድ ወይም ሁለት ቀን እንጠብቅ። የልባሽ ልብስ ከሆነ ከመልበሳችን በፊት በሙቅ ውሃ አጥበን ፀሐይ ላይ እናስጣው። የዶንግዴሙን ልብስ ብዙ ጊዜ «ፍሪ ሳይዝ» የሚል አንድ ልክ ብቻ ነው፤ ሰፊ ይመስላል፣ ስንለብሰው ግን ትከሻና እጅጌው ሊያጥር ይችላልና ለሒጃባችን የሚበቃ መሆኑን ሳንለካ አንክፈል። ፊታችን ከተቆጣ ደግሞ ሌላ ክሬም ከመደረብ የግቢውን ክሊኒክ እንጠይቅ፤ ማሸጊያውንም ይዘን እንሂድ።

አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን ያድርገን። ወላሁ አዕለም።