«አንቲቦዲው አይሠራም» ከማለታችሁ በፊት

ብልቃጧ ከትንሿ ጣቴ ጫፍ ብዙም አትበልጥም። የያዘችው 100 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ነው፤ ሁለት ጠብታ ውሃ ቢሆን ነው። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ከሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ስትወጣ እንኳ ፈሳሹ አልረጋም፤ ግማሽ ያህሉ ግሊሰሮል ነውና። አዲስ ተማሪዎች ይህን ሲያዩ ፍሪዘሩ የተበላሸ መስሏቸው ይደነግጣሉ። መለያዋ ላይ «ፎስፎ ኢአይኤፍ2 አልፋ፣ ሴሪን 51፣ ጥንቸል» ይላል። በሙያዬ ከነካኋቸው ዕቃዎች ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን አንቲቦዲ ነው። ያለ ጥፋቱ ስሙ የሚነሳውም እሱ ነው።

የሰፈሬ፣ የኮልፌ ቀራንዮ፣ ሰው አለርትን የሚያውቀው በሆስፒታልነቱ ነው። በዘነበ ወርቅ በኩል በታክሲ የሚያልፍ ሁሉ ግቢውን ያሳያችኋል፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። እዚያው ግቢ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት መኖሩን ግን ጎረቤቶቼ እንኳ ሁሉም አያውቁም። የተሰየመው የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ባገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ነው። ባክቴሪያውን ዛሬም በላቦራቶሪ ሰሃን ላይ ማሳደግ አልተቻለም። ስለዚህ በዚያ ቤት የሰውነት መከላከያ ገና ከጅምሩ ዋና የጥናት ጉዳይ ሆነ። አንቲቦዲ ምን እንደሚጠቅም ለሚጠይቀኝ የሰፈሬ ሰው የምጠቁመው ወደዚያ ግቢ ነው።

አንቲቦዲ ሰውነታችን እንግዳ ነገርን ለመያዝ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ ስለ ምንነቱ ብዙ አልልም። አንድ ነገር ብቻ ይለይልኝ። ለታይፎይድ የዊዳል ምርመራ ሲደረግልን የሚፈለገው በደማችን ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ነው። በእኔ ብልቃጥ ያለው ግን ፈላጊው ራሱ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የተለጠፈው አንቲቦዲ ሆርሞኑን ይይዛል።

የእኔው አንቲቦዲ የሚፈልገው ፕሮቲን ኢአይኤፍ2 አልፋ ይባላል። ሴል ፕሮቲን መሥራት ሲጀምር የመጀመሪያውን አሚኖ አሲድ፣ ሜቲዮኒንን፣ ተሸክመው ወደ ራይቦሶም ከሚያደርሱት አንዱ ነው። ሴሉ ሲራብ፣ ቫይረስ ሲገባበት ወይም ሌላ ጭንቅ ሲደርስበት በዚህ ፕሮቲን 51ኛ ቦታ ባለው ሴሪን ላይ ፎስፌት ይለጠፋል። ያኔ የሴሉ አብዛኛው የፕሮቲን ሥራ ይቀዘቅዛል። ፕሮቲኑ ወደ 36 ሺህ ዳልተን ይመዝናል፤ ፎስፌቷ 80 ብቻ። አንድ ኩንታል ጤፍ ላይ ሩብ ኪሎ የማይሞላ እፍኝ ተጨመረ እንበል። አንቲቦዲው ያቺ እፍኝ ያለችበትን ኩንታል ከሌለችበት ይለያል።

ይህን ችሎታ የሚያገኘው ከጥንቸል ነው። ፎስፌት ያለባት አጭር የፕሮቲን ቁራጭ በላቦራቶሪ ተሠርታ ለጥንቸሏ ትወጋለች። ከዚያ ደሟ ውስጥ ከተገኙት አንቲቦዲዎች መካከል ፎስፌት የሌለባትን ቁራጭ የሚይዙት ተለይተው ይጣላሉ። ለገበያ የሚቀርበው ፎስፌቷን ካላየ የማይይዘው ነው።

አሁን ወደ ሐሜቱ ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ባልደረባዬ የአንቲቦዲው ውጤት የሚነበብበትን ፊልም ባዶውን ይዞ መጣ።

«ጋሼ፣ ይቺ አንቲቦዲ ሞታለች። ሌላ እንዘዝ።»

«ሴሎቹን ከሰበርክ በኋላ የት አስቀመጥካቸው?»

«ጠረጴዛው ላይ።»

«ምን ያህል ጊዜ?»

«ምሳ በልቼ እስክመለስ ነው።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴል ሲሰበር ፎስፌት የሚነቅሉ ኢንዛይሞች፣ ፎስፋቴዞች፣ አብረው ይለቀቃሉ። በረዶ ከሌለ፣ ፎስፋቴዝ የሚያግድ መድኃኒትም ካልተጨመረ ምልክቷ ተነቅላ ታልቃለች፤ ፕሮቲኑ ግን ምንም ሳይጎድልበት ይቀመጣል። አንቲቦዲው መጥቶ ፎስፌት ሲያጣ ዝም ይላል። እውነቱን ተናገረ እንጂ አልሞተም! ወጣቱን አልተቆጣሁትም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ በዚሁ ስህተት ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻጩን ስከስ ከርሜአለሁ። በማግስቱ ናሙናውን በረዶ ላይ ሰብሮ፣ ማገጃውን ጨምሮ፣ ከዚያችው ብልቃጥ 10 ማይክሮሊትር በ10 ሚሊሊትር በጥብጦ ሠራው። ባንዱ፣ ማለትም ፕሮቲኑን የሚያሳየው መስመር፣ በ37 ኪሎ ዳልተን አካባቢ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

ሁለተኛው በደል የዱቄት ወተት ነው። ዌስተርን ብሎት፣ ማለትም ሜምብሬን ላይ ያለን ፕሮቲን በአንቲቦዲ የመፈለግ ዘዴ፣ ሲሠራ አንቲቦዲው ባገኘበት እንዳይጣበቅ የሜምብሬኑ ባዶ ቦታ በፕሮቲን ይሸፈናል፤ ለዚህ ርካሹ ወተት ነው። ወተት ውስጥ ያለው ኬዚን ግን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ነው። ፎስፌት የሚፈልግ አንቲቦዲ ወተት በተቀባ ሜምብሬን ላይ ስታፈሱ ሜምብሬኑ ሊጠቁርባችሁ ይችላል። የከብት አልቡሚን ተጠቀሙ፤ ይወደዳል፣ ግን ከአዲስ ብልቃጥ ይረክሳል። በአዛይድ የተጠበቀ ማጠቢያ ፈሳሽም ወደ ሜምብሬኑ አታስጠጉ፤ ብርሃን ሰጥቶ ባንዱን የሚያሳየውን ኢንዛይም ይገድላል።

ሦስተኛው ይቅር የማልለው ነው። ፎስፌቷን የሚያነበውን ብቻ ገዝቶ፣ ጠቅላላውን ኢአይኤፍ2 አልፋ የሚለካውን ሳይገዛ ውጤት የሚጽፍ ሰው አለ። ባንዱ የደመቀው ፎስፌት ስለበዛ ነው ወይስ ፕሮቲኑ ራሱ ስለበዛ? ሁለቱን ጎን ለጎን ካላሠራ ሊያውቅ አይችልም።

ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ጭቅጭቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በየጤና ጣቢያው በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን የወባ ምርመራ አንቲቦዲ ነው የሚሠራበት፤ ብዙዎቹ የሚፈልጉት ኤችአርፒ2 የሚባለውን የወባ ፕሮቲን ነው። በ2021 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎች መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። ከፋልሲፓረም ወባ ታማሚዎች ወደ 10 በመቶ በሚጠጉት ምርመራው «የለም» ያለው ጥገኛ ተውሳኩ የዚያን ፕሮቲን ጂን ስለጣለ ነበር። አንቲቦዲው ደህና ነበር፤ የሚይዘው ነገር ግን አልነበረም። በሽተኛው ግን ወባውን ይዞ ወደ ቤቱ ሊሄድ ይችላል።

ብልቃጤንም ከወባ ጋር የሚያገናኛት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የወባ ተውሳክ አርቴሚሲኒን ሲያገኘው በራሱ ኢአይኤፍ2 አልፋ ላይ ፎስፌት ይለጥፍና ፕሮቲን መሥራቱን ቀንሶ ይደበቃል። መድኃኒቱ ሲያልፍ ይነሳል። ለአርቴሚሲኒን በከፊል ከመቋቋም ጋር የተያያዘው የኬ13 ጂን 622አይ ለውጥ ደግሞ በአገራችን አለ፤ በ2023 በወጣው ጥናት ከተመረመሩት የወባ ሕሙማን 8 በመቶ ያህሉ ላይ ተገኝቷል። እንዲህ ያለውን ድብቅነት እዚሁ አገር ውስጥ ለማጥናት ለሚነሳ ወጣት ከሚያስፈልጉት ዕቃዎች አንዱ ይቺ ሁለት ጠብታ ናት።

እንግዲህ ለምታዝዙት ሁሉ የምለምነው አለኝ። ባዶ ፊልም ሲወጣባችሁ ለሻጩ የቅሬታ ደብዳቤ ከመጻፋችሁ በፊት ሴልን በሚያስጨንቀው ታፕሲጋርጂን የታከሙ ሴሎችን አንድ ረድፍ ላይ ጫኑ፤ ፎስፌቷ እዚያ በርግጠኝነት ትኖራለች። በዚያ ረድፍ ባንድ ከታየ አንቲቦዲው ደህና ነው። ናሙናችሁን እንደገና ሥሩ፤ በዚህኛው ጊዜ በረዶ ላይ።