የወፍጮ ኩሽኔታ ለምን ቶሎ ይበላል?

ከባሕር ዳር ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ላይ ባለችው መሸንቲ፣ አዝመራ ገብቶ ጎተራ ሲሞላ የወፍጮ ቤት ወረፋ ይረዝማል። ዳጉሳው፣ በቆሎውና ጤፉ በአህያ ተጭኖ ይመጣል። ወፍጮ የሚቆመውም ብዙ ጊዜ እንዲህ ሥራ ሲበዛበት ነው። ባለወፍጮው ኩሽኔታውን ፈትቶ ይጥላል፤ ባሕር ዳር ሄዶ አዲስ ይገዛል፤ ይገጥማል። ብዙም ሳይቆይ ያው ጩኸት ይመለሳል። «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይባላል። ፎርጅድ ዕቃ በእርግጥ አለ። በተከታታይ የሚበላ ኩሽኔታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በሌላ ዕቃ ጥፋት ነው።

በኩሽኔታ ውስጥ ያሉት ኳሶች ቀለበቱን የሚነኩት በጣም በጠበበ ነጥብ ላይ ነው። የሻፍቱ ሸክም ሁሉ በዚያች ነጥብ ያልፋል። ኳሱ በተመላለሰ ቁጥር ከብረቱ ገጽ በታች ያለው ክፍል ይጨመቃል፣ ይለቀቃል፤ ውሎ አድሮ ይሰነጠቅና ቅርፊቱ ይነሣል። መሐንዲሶች የኩሽኔታን ዕድሜ የሚያሰሉበት ሕግ ሊታወቅ ይገባል፤ በኳስ ኩሽኔታ ላይ ሸክሙ እጥፍ ቢሆን ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን ወደ 1/8 ይወርዳል። ስለዚህ ጥያቄው ትርፉ ሸክም ከየት መጣ የሚል ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ፑሌጃው ነው። ከዳይናሞው ኃይል የሚያሻግረው ቺንጋ ጎኖቹ ሰያፍ ናቸው፤ በፑሌጃው ቦይ ውስጥ እንደ ሽብልቅ ተወጥሮ ይይዛል። የሚይዘው በጎኖቹ እንጂ በሆዱ አይደለም፤ ሆዱ የቦዩን ወለል መንካት የለበትም። በወፍጮ ቤት ግን አቧራ ከቺንጋው ጋር እየገባ የቦዩን ግድግዳ ይፍቃል። ቦዩ ሲሰፋ ቺንጋው ይሰምጣል፤ ወለሉን ይነካል፤ ሽብልቅነቱን ያጣል። ያን ጊዜ ይንሸራተታል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ባለወፍጮው ዳይናሞውን ወደ ኋላ ስቦ ቺንጋውን ይወጥራል። መንሸራተቱ ለጊዜው ይቆማል። ውጥረቱ ግን በቀጥታ ኩሽኔታው ላይ ያርፋል፤ ከላይ ያለው ሒሳብም መሥራት ይጀምራል።

ይህን ለማየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። መብራቱን አጥፍቶ ቺንጋውን ማውለቅና ወደ ቦዩ ማየት ነው። ወለሉ እንደ መስተዋት የሚያበራ ከሆነ ቺንጋው በሆዱ ሲሄድ ቆይቷል። በቂ ብረት ካለው ቦዩን በቶርኖ ማስተካከል ይቻላል፤ ከሌለው ፑሌጃውን መለወጥ ነው። ሁለት ሦስት ቺንጋ ጎን ለጎን የሚሠሩ ከሆነ የተበጠሰውን ብቻ መተካት ቁጠባ አይደለም፤ አሮጌዎቹ ስለ ረዘሙ ሸክሙን አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ሁለተኛው ሸክም ከድንጋዩ ይመጣል። ድንጋይ ሲደነዝዝ እህሉን መቁረጡን ትቶ ያሸዋል፤ ዱቄቱ ይግላል፣ ይሻክራል። ባለወፍጮው ሁለቱን ድንጋዮች ይበልጥ ያጠጋጋል። ይህ ግፊት በሻፍቱ ርዝመት የሚሄድ ነው፤ ተራው የኳስ ኩሽኔታ ደግሞ በዋናነት የተሠራው ከጎን ለሚመጣ ሸክም ነው። በጊዜው የተወቀረ ድንጋይ ኩሽኔታንም ያተርፋል። እናቶቻችን የእጅ ወፍጮውንና መጁን ሲወቅሩ የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከወቀራ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት የድንጋይ ብናኝ አለበትና ለሰው ምግብ መዋል የለበትም።

ድንጋዩን ቶሎ የሚያደነዝዘው ከእህሉ ጋር የሚመጣው አፈር ነው። በበሬ እየተረገጠ በአውድማ የሚወቃ ጤፍ ምን ያህል አፈር እንደሚይዝ ተመራማሪዎች ያወቁት የብረት ማዕድኑን ሲለኩ ነበር፤ የጤፍ የብረት መጠን ከናሙና ናሙና እጅግ የሚለያይበት አንዱ ምክንያት ከአውድማው የሚቀላቀለው አፈር ነው። ደቃቅ የድንጋይ ቅንጣት ከተራ ብረት ይጠነክራል። ግራሶ ውስጥ ሲገባማ ኩሽኔታውን የሚሞርድ ሊጥ ይሆናል። በወንፊት የተነፋ እህል ለዱቄቱም ለማሽኑም ይበጃል። ግራሶ ማብዛትም አይረዳም፤ ከመጠን በላይ የታጨቀ ግራሶ እየተናጠ ይግላል።

አዲሱ ኩሽኔታ በእጅ ተገፍቶ ያለ ችግር ከገባ ሻፍቱም ተበልቷል ማለት ነው። ብዙዎች ሻፍቱን በሹል ብረት እየነጠቡ ያሻክሩትና ያጠብቁታል። ቀለበቱ ግን የሚያርፈው በጥቂት ጉብታዎች ጫፍ ላይ ስለሆነ ቶሎ ይላላል። ትክክለኛው መንገድ የተበላውን ቦታ በብየዳ ሞልቶ በቶርኖ ወደ ልኩ መመለስ ወይም ሻፍቱን መለወጥ ነው። ባሕር ዳር በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ ፖሊቴክኒክ ከተከፈተባት ጀምሮ የብረት ሥራ ሙያ ሲሰጥባት የኖረች ከተማ ናት፤ ይህን የሚሠራ እጅ ሩቅ አይደለም።

ጥገናው ሲያልቅ የቺንጋው መሸፈኛ ይመለስ። ለአንድ ቀን ብሎ የተነሣ መሸፈኛ ሳይመለስ ይቀራል፤ ወረፋ ላይ ያለች እናት ነጠላዋ በቺንጋው ቢያዝ ዳይናሞው ለመቆም ጊዜ አይሰጣትም። ከመሸፈኛው በፊት ደግሞ አንድ ክር በሁለቱ ፑሌጃዎች ፊት ላይ ወጥሮ መመልከት ያስፈልጋል። ሁለቱ ፑሌጃዎች እኩል ስፋት ካላቸው ክሩ አራቱንም ጠርዞች መንካት አለበት። አንዱን ከሳተ ዳይናሞው ዘንበል ብሎ ታስሯል፤ ቡሎኑን አላልቶ ማቅናት ነው።