ቅጠሉ የማይበላ፣ ፍሬው የማይተው፦ የሁርሶ ሜዳ እንግዳ ዛፍ

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ተጉዞ ሁርሶ የሚደርስ ሰው በበጋው ልብ ዙሪያውን ቢቃኝ ምድሩ ደርቆ፣ አብዛኛው ግራር ቅጠሉን አራግፎ ያገኘዋል። በዚያ ሁሉ ድርቀት መካከል ግን ለምልሞ የሚታይ ቁጥቋጦ አለ። ከሩቅ ግራር ይመስላል። ቀረብ ሲሉት ግንዱ ጠመም ያለ፣ ቅርንጫፎቹ ወደ መሬት የጎነበሱ፣ በየቅጠሉ ብብት ጥንድ እሾህ የተሰካበት ሌላ ዛፍ ነው። ስሙ ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ ይባላል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፤ የደርግ ዛፍ ማለታቸው ነው። ስሙ የመጣበትን ዘመን ይናገራል።

ዛፉ የሐሩር ክልል የአሜሪካ ተወላጅ ነው። በሳይንስ ስሙ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1788 ከጃማይካ በተገኘ ናሙና ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ደግሞ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መጀመሪያ ከተተከለባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ድሬዳዋ የሚገኘው የጎሮ ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ ይነገራል። ያመጡት ሰዎች ክፉ አላሰቡም። በረሃው እየገፋ፣ አፈሩ በነፋስ እየተጠረገ፣ ማገዶ እየራቀ ነበር። ውኃ ሳያጠጡት የሚያድግ፣ ጥላም ማገዶም የሚሆን ዛፍ ሲገኝ እሰየው ተባለ። ቀጥሎም በመካከለኛው አዋሽ የመስኖ እርሻዎች ዙሪያ ለነፋስ መከላከያ ተተከለ። ዛሬ በአፋር ክልል ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል።

ይህ ዛፍ ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ በአካሉ ላይ ተጽፏል። ከሥሩ እንጀምር።

ቡቃያው ከመሬት በላይ ጣት ሳያክል፣ ዋናው ሥር ወደ ታች ርቆ ሄዷል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ለማዕድን በተቆፈረ ጉድጓድ ግድግዳ ላይ የዚሁ ወገን ዛፍ ሥር ከምድር ገጽ 53 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኝቷል፤ ከአሥራ አምስት ፎቅ ሕንፃ የሚበልጥ ጥልቀት ነው። ከዋናው ሥር ሌላ ከገጹ ብዙም ሳይርቁ ወደ ጎን የሚዘረጉ ሥሮች አሉት። ስለዚህ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከታች፣ ካፊያዋን ከላይ ይወስዳል። የባቄላ ቤተሰብ በመሆኑም በሥሩ ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነት ናይትሮጅንን ከአየር ያገኛል። አፈሩ ቢደኸይም እሱ አይራብም።

ቅጠሉ እንደ ግራር በጥንድ በጥንድ የተደረደሩ ጥቃቅን ቅጠሎች ስብስብ ነው። ፍየልም ግመልም እርጥብ ቅጠሉን አይወዱትም፤ ለአፍ የሚከብድ፣ የሚመር ነገር አለበት። በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ሥሩ ውኃ ስላለው ብቻ ሳይሆን የሚበላውም ስለሌለ ነው።

አበባው ጣት በሚያህል ዘንግ ላይ የተሰደሩ በመቶ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቢጫ አበቦች ነው። አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ዛፍ አበባ በራሱ ዱቄት አይፀንስም፤ ከሌላ ዛፍ የሚያመጣለት ንብ ይፈልጋል። ለዚህም ለንብ የአበባ ማር አይነፍግም። ከዚያ ሁሉ አበባ ፍሬ የሚይዘው ጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ጥቂቱም ከበቂ በላይ ነው።

የነገሩ ቁልፍ ያለው ፍሬው ላይ ነው። ሲበስል ቢጫ የሚሆን፣ ፎሶሊያ የሚመስል ረጅም ፍሬ ነው። የባቄላና የአተር ፍሬ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ዘሩን ይበትናል፤ ይሄኛው አይሰነጠቅም። እንደተዘጋ ይወድቃል። ሰብረው ቢያዩት በዘሮቹ ዙሪያ ጣፋጭ ሥጋ አለው፤ ከብቱን የሚጠራው እሱ ነው። በውስጡ ከአሥር እስከ ሃያ የሚሆኑ ዘሮች እያንዳንዳቸው በጠንካራ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ከብቱ ጣፋጩን ይፈጫል፣ ዘሩ ግን ሳይጎዳ በሆዱ ያልፋል። የሆዱ እርጥበትና አሲድ ሽፋኑን ስለሚያሳሳው መብቀሉ ይቀልለታል። በመጨረሻም ከእበቱ ጋር፣ ማዳበሪያው ተጨምሮለት፣ በግጦሽ መንገድ ላይ ያርፋል። ከዝናብ በኋላ በአንድ የእበት ክምር ላይ ብዙ ቡቃያ ተፋፍጎ ብቅ ሲል ማየት ይቻላል። የቀረውን ደግሞ እንደ ደቻቱ ያሉ የድሬዳዋ አሸዋማ ወንዞች በጎርፍ ወቅት ጠርገው ወደ ቆላው ያወርዱታል።

ቅጠሉን እንዳይበሉት፣ ፍሬውን እንዳይተዉት አድርጎ የተሠራ ዛፍ ነው። የሚያስፈልገውን ጠብቆ፣ እንዲወሰድለት የሚፈልገውን ለቆ ይኖራል።

ሌላው ጥንካሬው ጉቶው ነው። ከመሬቱ ገጽ ጋር እኩል አድርገው ቢቆርጡት አይሞትም። ከገጹ በታች በግንዱ ግርጌ የተኙ እንቡጦች ነቅተው በአንዱ ግንድ ፈንታ ብዙ ያወጣሉ። ባለ አንድ ግንዱ ዛፍ ሰው የማያልፍበት ጥሻ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በመጥረቢያ ከተመታ በኋላ ነው። ከሥሩ ሳር አይበቅልም፤ ጥላውም፣ ከቅጠሉ ወደ አፈር የሚወርደው ንጥረ ነገርም ሌላውን ዕፅ ያፍናል። አርብቶ አደሩ የሚያዝነው ለዚህ ነው። ሳሩ ሲጠፋ ላሚቱ ፍሬውን ብቻ ትበላለች፤ ፍሬው ብቻውን ሲበዛባት ደግሞ መንጋጋዋና ሆዷ ይታመማል። የፍየል ጥርስም በስኳሩ ይበሰብሳል።

ወገኑን በሙሉ መውቀስ ግን ፍትሕ አይደለም። በተለምዶ በፕሮሶፒስ ስም ወደ 45 የሚጠጉ ዝርያዎች ሲቆጠሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ተመራማሪዎች ወገኑን ከፋፍለው የአሜሪካዎቹን አብዛኞቹን ኔልቱማ ወደሚባል ወገን አዛውረዋቸዋል፤ የእኛም እንግዳ አዲሱ ስሙ ኔልቱማ ጁሊፍሎራ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ የሚበቅል የአፍሪካ ዘመድም አለው። የሕንዱ ዘመዱ ኬጅሪ የራጃስታን ክብር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1730 ይህ ዛፍ እንዳይቆረጥ አቅፈው የያዙ 363 የቢሽኖይ ሰዎች መገደላቸውን ታሪካቸው ይናገራል። ኬጅሪ በአገሩ ነው። የእኛው ግን አሜሪካ ላይ ዘሩን የሚቀንሱበትን ነቀዞች እዚያው ትቶ፣ ጠላት በሌለበት ምድር ላይ ወረደ።

የሚያድነንም ይኸው የአካሉ እውቀት ነው። እንቡጦቹ ያሉት ከገጹ በታች ከሆነ፣ ዛፉ መቆረጥ ያለበት ተቆፍሮ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ከአፈር በታች ነው። ዘሩ በከብት ሆድ የሚጓዝ ከሆነ፣ ፍሬው ተለቅሞና ዘሩ ተፈጭቶ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጥ፤ የተፈጨ ዘር አይበቅልም። በአፋር የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ሞክረው አይተውታል። እንጨቱ ከባድና ቀስ ብሎ የሚነድ በመሆኑ ጥሩ ከሰል ይወጣዋል። ከሰል አክሳዩ ግን ጉቶውን ትቶ ከሄደ፣ ለመጪው ዓመት ጥሻ ተክሎ እንደሄደ ይቁጠረው።

በሁርሶም ሆነ በሌላው ቆላ ለምትኖሩ አንድ ቃል አለኝ። ከዝናብ በኋላ በበረታችሁ አጠገብ፣ በእበት ላይ፣ ጥቃቅን ቅጠል ያለው ቡቃያ ካያችሁ ያን ዕለት ንቀሉት። ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ በሁለት ጣት ይወጣል። ከዓመት በኋላ ዶማ ይፈልጋል፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የመንደሩን ሰው ሁሉ።