«እንፋሎት ብቻ ነው» ስለሚባለው የኤሌክትሪክ ሲጋራ

ሚዛን ተፈሪን፥ ቴፒንና በበቃን በመሰለ የቡና አገር ያደገ ሰው፥ እሳት የአንድን ነገር ጠባይ እንዴት እንደሚለውጥ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልገውም፤ ከእናቱ ምጣድ ሲያየው ኖሮአል። ጥሬ ቡና መልኩ ወደ አረንጓዴ ያደላ፥ ሽታውም የሣር ሽታ የሚመስል ነው። ምጣዱ ግሎ ፍሬው ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ግን መልኩ ይጠቁራል፤ በጥሬው ያልነበሩ ብዙ መቶ ዐይነት የመዓዛ ቅመሞችም ከውስጡ ይወለዳሉ። እሳቱ ከልክ ካለፈ ደግሞ ያው ፍሬ ያርራል፤ ቤቱም ዐይን በሚያስለቅስ ጢስ ይሞላል። ፍሬው አንድ ሲሆን ሦስት ዐይነት ጠባይ ያሳየው በእሳቱ መጠን ነው።

ይህን አስቀድመን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን «ቬፕ» የሚባል የኤሌክትሪክ ሲጋራ በወጣቶች እጅ እየታየ ነው። አንዳንዱ እስክርቢቶ ይመስላል፤ አንዳንዱም የኮምፒዩተር ፍላሽ ይመስላል፤ ስለዚህ ወላጅ በልጁ ቦርሳ ውስጥ ቢያየው እንኳ ምን እንደ ሆነ ላያውቅ ይችላል። ልጁም ሲጠየቅ «ይህ ትምባሆ አይደለም፤ ጢስም የለውም፤ እንፋሎት ብቻ ነው፤ የተሠራውም ከሚበላ ነገር ነው» ብሎ ይመልሳል። ወላጅ ይህን ቃል ሰምቶ ዝም እንዳይል፥ ወይም ምክንያቱን ሳያውቅ በቁጣ ብቻ እንዳይናገር፥ የነገሩን ሥር መመርመር ይገባል።

ስለ መሣሪያው

ዛሬ የሚታወቀውን የኤሌክትሪክ ሲጋራ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈለሰፈው ሆን ሊክ የተባለ ቻይናዊ የመድኃኒት ባለሙያ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ኩራዝን ማሰብ ይበቃል። በኩራዝ ውስጥ ክሩ ጋዙን እየሳበ ወደ እሳቱ ያደርሳል፤ በዚህ መሣሪያም የጥጥ ክር ፈሳሹን እየሳበ ወደ ተጠቀለለች ቀጭን ሽቦ ያደርሳል። ሽቦዋን የሚያግላት ባትሪ ነው። ሰውየው አፉን አስጠግቶ ሲስብ ሽቦዋ ትግላለች፤ ፈሳሹም ተንኖ ወደ ሳንባው ይገባል።

ስለ ፈሳሹ

ፈሳሹ ብዙውን ጊዜ ከአራት ነገሮች የተቀላቀለ ነው። እነርሱም ፕሮፒሊን ግላይኮል፥ ግሊሰሪን፥ ኒኮቲንና የጣዕም ቅመም ናቸው። ግሊሰሪንን እናቶቻችን ያውቁታል፤ የደረቀ ቆዳ ማለስለሻ ነው። ፕሮፒሊን ግላይኮልም በምግብና በመድኃኒት ፋብሪካ የሚሠራበት ነው። ኒኮቲን ግን ያው የትምባሆ ኃይል፥ ሰውን በሱስ የሚያስረው መርዝ ነው።

እዚህ ላይ «እንፋሎት ብቻ ነው» የሚለው ቃል እንደማይጸና እናያለን። ውሃ በ100 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚፈላው በ188 ዲግሪ፥ ግሊሰሪን ደግሞ በ290 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ነጭ ሆኖ የሚወጣው ደመና የጀበና እንፋሎት አይደለም፤ በጥቃቅን ነጠብጣብ የተበተነ የግሊሰሪንና የኒኮቲን ጉም ነው እንጂ።

የድብልቁ መጠንም ነገሩን ይለውጠዋል። አንዳንዱ ፈሳሽ እኩል በእኩል የተቀላቀለ ነው፤ አንዳንዱ ከመቶ 70 እጁ ግሊሰሪን ነው። ግሊሰሪን በበዛ መጠን ደመናው ይወፍራል፤ ነገር ግን ፈሳሹ እንደ ማር ስለሚወፍር በክሩ ውስጥ ቶሎ አይሳብም፤ ለመትነንም ብዙ ሙቀት ይፈልጋል። ወፍራሙ ፈሳሽ ለቀጭን ፈሳሽ በተሠራ ትንሽ ሽቦ ላይ ከተደረገ፥ ወይም ሰውየው ሳያርፍ በተከታታይ ከሳበ፥ ክሩ ይደርቃል። አደጋውም ከዚያ ይበረታል።

ስለ ሙቀቱ

ውሃ ያለበት ድስት እሳት ላይ ቢቆይ ውሃው እስኪያልቅ ድረስ አያርርም፤ ውሃው ሙቀቱን እየወሰደ ይተንናልና። የሽቦዋም ነገር እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ አንድ ጥናት ክሩ በፈሳሽ እንደ ራሰ የሽቦዋ ሙቀት ከ145 እስከ 334 ዲግሪ ተለክቶአል፤ ፈሳሽ በሌለበት ጊዜ ግን እስከ 1000 ዲግሪ ገደማ ደርሶአል።

ሙቀቱ ሲበረታ ፈሳሹ መትነኑ ቀርቶ ይፈራርሳል። ከግሊሰሪን አክሮሊን የሚባል ነገር ይወለዳል፤ እርሱም ዘይት በመጥበሻ ላይ ሲያርር ዐይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ነው። ደግሞም ፎርማልዲሃይድ ይወለዳል፤ በእርሱ ሬሳ እንዳይበሰብስ ይደረግበታል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጋር ቆጥሮታል። እነዚህ መርዞች በጠርሙሱ ውስጥ አልነበሩም፤ የተሠሩት በሽቦዋ ላይ ነው። የጥሬው ቡና ሽታ የቁሌቱን ሽታ እንደማይነግረን ሁሉ፥ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውም ወደ ሳንባ የሚገባውን አይነግረንም።

«እንግዲያስ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ አይበቃምን?» የሚል ሰው ይኖራል። በእርግጥ በራሰ ክርና በመጠነኛ ሙቀት የሚወለደው መርዝ ያነሰ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ሲያንስ የሚገኘውም ኒኮቲን ስለሚያንስ፥ ሱስ የያዘው ሰው ደጋግሞና አስረዝሞ ይስባል። ክሩ ፈጽሞ ሲደርቅ የሚመርረው ጣዕም ያስጠነቅቀዋል፤ ከዚያ በፊት የሚወለደውን ግን የጣፋጩ ቅመም ስለሚሸፍነው አያውቀውም። ከዚህም ሌላ ሽቦዋ ራሷ ከኒኬል፥ ከክሮምና ከመሳሰሉት የተሠራች ናት። በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በጉሙ ውስጥ ኒኬል፥ ክሮምና እርሳስ አግኝተዋል።

የሚበላ ሁሉ የሚተነፈስ አይደለም

የቅመሙ ነገር ብዙዎችን ያስታል። ሆድ የሚፈጨውን ሁሉ ሳንባ መሸከም አይችልም። ዳይአሲታይል የሚባል የቅቤ መዓዛ ያለው ቅመም በምግብ ውስጥ ይበላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሰዎች እርሱን በመተንፈስ ሳንባቸው እንደ ተበላሸ ታወቀ። ኋላም በቴክሳስ፥ በቡና ፋብሪካ ሰው ሠራሽ መዓዛ በሚጨመርበት ክፍል በሠሩ ሰዎች ላይ ይኸው በሽታ ተገኘ። ይህ በቤታችን ቡና የሚቆሉትን እናቶች የሚያስፈራ አይደለም፤ ምንም እንኳ በሚቆላበት ጊዜ መስኮት መክፈት መልካም ቢሆን። ዳይአሲታይል ግን በብዙ የቬፕ ፈሳሾች ውስጥ ተገኝቶአል።

ከሁሉ የከፋው እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ የደረሰው ነው። እስከ የካቲት 2020 እ.ኤ.አ. ድረስ 2,807 ሰዎች በቬፕ ምክንያት በደረሰ የሳንባ ጉዳት ሆስፒታል መግባታቸው ወይም መሞታቸው ተመዝግቦአል፤ ከእነርሱም 68ቱ ሞተዋል። ብዙዎቹ የሳቡት የካናቢስ ዘይት የተጨመረበትን ነበር፤ በዋናነት የተከሰሰውም ማወፈሪያ ተብሎ የተቀላቀለው የቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ይህ ነገር በክኒን ሲዋጥና በቆዳ ሲቀባ የማይጎዳ ነው፤ ግሎ ወደ ሳንባ ሲገባ ግን ገዳይ ሆነ።

በአገራችን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የኤሌክትሪክ ሲጋራን ማምረት፥ ማስገባትና መሸጥ ከልክሎአል፤ ትምባሆም ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው እንዳይሸጥ አዝዞአል። ከዚህ የሚከተለውን ወላጅ ልብ ይበል። የተከለከለ ነገር በሻንጣ ተደብቆ ይገባል እንጂ በመርማሪ እጅ አያልፍም። እንግዲህ በልጅህ እጅ ያለው ጠርሙስ ድብልቁ ምን እንደ ሆነ፥ ኒኮቲኑም ምን ያህል እንደ ሆነ ያረጋገጠ ሰው የለም።

ለቤተሰብ የሚሆን ምክር

እውነቱን ለመናገር፥ በእንግሊዝ አገር ሐኪሞች ለብዙ ዘመን ሲጋራ ያጨሰ ሰው በቬፕ ተረድቶ እንዲተው ይመክራሉ፤ የሚነድ ትምባሆ ከእርሱ እጅግ የከፋ ነውና። ይህ ምክር በእሳት ውስጥ ላለ ሰው መውጫ ነው፤ ከእሳቱ ውጭ ላለ ልጅ ግን መግቢያ ነው። የሰው አእምሮ እስከ 25 ዓመት ገደማ በማደግ ላይ ስለሆነ፥ ኒኮቲን በወጣት ላይ ይበረታል። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ልትርቀው ይገባታል። ፈሳሹን ሕፃን ቢጠጣው ይመረዛል፤ ይህ ቢደርስ ለማስታወክ ሳይሞክሩ ጠርሙሱን ይዞ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

አባቶቻችን ትምባሆን የተጸየፉት በከንቱ አልነበረም፤ ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም በብርቱ ከልክለውት ነበር። «ቤተ ክርስቲያንስ ዕጣን ታጤስ የለምን?» የሚል ወጣት ቢኖር፥ ዕጣን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፥ ሱስን ለማርካት ወደ ሳንባ የሚሳብ አይደለም ብለን እንመልስለታለን።

መሣሪያውን በልጁ ኪስ ያገኘ ወላጅ በዱላ አይጀምር። አስቀምጦ ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ በጠርሙሱ ውስጥ ያለውን ማን መረመረው? ሽቦዋ ስንት ዲግሪ ትግላለች? ክሩ መድረቁንስ በምን ታውቃለህ? ልጁ መልስ እንደሌለው ራሱ ያስተውላል። ከዚያም ሱሱ ይዞት እንደ ሆነ ሳያሳፍር ወደ ሐኪምና ወደ ንስሐ አባቱ ይምራው። ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ እንደ ሆነ ሐዋርያው ጳውሎስ አስተምሮናል፤ የማደሪያው ጠባቂዎች ደግሞ አስቀድሞ ወላጆች ናቸው። ልጆቻችንን በጤናና በሃይማኖት እንድናሳድግ እግዚአብሔር ይርዳን።