ጫማው ከመገዛቱ በፊት መሬቱ ይጠየቅ

ከጂዳው የፔትሮሚን ሰፈር ሰው ወደ አገር ቤት በሚሄድ ካርቶን ውስጥ ሳሙናና ቴምር፣ ብርድ ልብስና የልጅ ልብስ አለ፤ ብዙ ጊዜ አንድ ጥንድ የሩጫ ጫማም አይጠፋም። ወንድም ሯጭ ነው፣ የአክስት ልጅ ክለብ ሊሞክር ነው፣ የጎረቤት ልጅ በኢሞ ደውሎ «ጋሼ፣ ጫማ ላክልኝ» ብሏል። ላኪው ቀንና ሌሊት ሠርቶ ያጠራቀማትን ሪያል ይዞ ገበያ ይወጣና ባለሱቁ ካወጣለት ሁሉ የሚያብረቀርቀውን ይገዛል። ጫማው ደብረ ብርሃን ወይም በቆጂ ሲደርስ ልጁን ዋልካ ላይ ያንሸራትተዋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ጥፍሩን ያጠቁረዋል። እኔ በልጅነቴ ደሴ ላይ የጦሳን ተራራ እየወጣሁ ሩጫ የተለማመድኩ ሰው ነኝ። የሰፈራችን ሰው ጫማ ሲገዛ አብሬው እንድሄድ የሚጠራኝም ለዚህ ነው።

ሰፈሩ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ በጂዳ ከፈረሱት አንዱ ሆኖ ብዙዎቻችን በየአቅጣጫው ተበትነናል፤ ዛሬም ግን «ከየት ነህ?» ሲባል የፔትሮሚን ሰው ነኝ የሚል ብዙ ነው።

ጫማ ሊገዛ ለመጣ ሁሉ የማነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፤ ልጁ የሚሮጠው ምን ላይ ነው? አስፋልት፣ ኮረኮንች፣ ጭቃ፣ አሸዋ ወይስ ድንጋይ? የጫማው ማርካ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

እዚሁ ጂዳ ለሚሮጥ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። ኮርኒሽ የሚባለው የባሕር ዳርቻ መንገድ ጠፍጣፋና ደረቅ ስለሆነ ተራ የአስፋልት ጫማ ይበቃዋል። ከሥሩ ጥርስ ባለው ጫማ አስፋልት ላይ መሮጥ ጥርሱን በከንቱ ማስበላት ነው፤ ለእግርም ይጎረብጣል። እዚህ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2010 ከተማዋ ውስጥ 52 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል። እንዲህ ባለ አየር ጎርቴክስ የተባለው ውኃ የማያስገባ ጫማ እንፋሎቱን አፍኖ እግርን ይልጣል። ስለዚህ ሳሳ ያለ፣ አየር የሚያስገባ ጨርቅ መርጦ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ ሮጦ መግባት ነው። ጫማችሁንም ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ሙቀቱ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል።

አሸዋ ላይ ግን ያው አየር የሚያስገባ ጨርቅ ጣጣ ያመጣል። ደቃቁ አሸዋ ሰርጎ ይገባና ከካልሲ ጋር እየተፋጨ እግር ያቆስላል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በሞሮኮ ሰሃራ በሚካሄደውና 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍነው ማራቶን ደ ሳብል ላይ ሯጮቹ በጫማቸው ጠርዝ ዙሪያ ቬልክሮ ያሰፋሉ፤ እላዩ ላይም እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ የጨርቅ ሽፋን ይለጥፉበታል። ይህን ሥራ እኛም ጋ ጫማ ሰፊ ይሠራዋል።

ድንጋይን ለመረዳት ወደ መካና ጣኢፍ አቅጣጫ መውጣት ነው። የሒራ ዋሻ ያለበት ጀበል ኑር ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ገደማ ነው። ቦታው በአክብሮት የሚወጣበት እንጂ የሚሮጥበት አይደለም፤ ነገር ግን የሰው እግር ብዛት ያለሰለሰው ድንጋይ ላይ በሰንደል የሚወርዱ ሰዎች ሲንሸራተቱ ያየ፣ ጎማ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ይገባዋል። ከዚያ ወደ ጣኢፍ የሚያወጣው የአል ሃዳ ዳገት አለ፤ ድሮ ግመሎች የሚወጡበት በድንጋይ የተነጠፈ መንገድ ዛሬም በከፊል ይታያል። እንዲህ ባለ ቦታ ረጅም ጥርስ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ድንጋይ የሚይዝ ለስላሳ ጎማና ብዙ ቦታ የሚነካ አጭር ጥርስ ነው። ጣሊያናዊው ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ እ.ኤ.አ. በ1935 ስድስት ጓደኞቹን በአልፕስ ተራሮች ላይ አጣ፤ አንዱ ምክንያት የጫማቸው ብቃት ማነስ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የጎማ ሶል ሠርቶ አወጣ። ብዙ የተራራ ጫማዎች ሥር በቢጫ ምልክት የምናየው ቪብራም የተባለው ስም የእሱ ነው። ሹል ድንጋይ ላይ ለሚሮጥ ደግሞ በሶሉ መሐል ስስ ጠንካራ ሳህን ያለው ጫማ አለ፤ ድንጋዩ እግርን ከሥር እንዳይወጋ ይከላከላል።

አሁን ወደ አገር ቤት እንምጣ፤ ካርቶኑ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። የእኛ ሯጮች በአንድ ሳምንት ውስጥ ብዙ መሬት ይረግጣሉ። አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን ኮረኮንች፣ ሌላ ቀን እንደ እንጦጦና ሱሉልታ ያለ ጫካ ነው። በበጋ ለኮረኮንች ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ጫማ ጥሩ ነው፤ አስፋልት ቢያቋርጥም አይከፋም። ክረምት ሲገባ ግን ሁሉም ይለወጣል። ዋልካ መሬት ዝናብ ሲጠጣ ጥርሶቹ የተቀራረቡ ጫማ ሥር እንደ ሊጥ ይጣበቃል፤ ልጁ በየእርምጃው ጭቃ ተሸክሞ ይሮጣል። ለዚህ መሬት ጥርሱ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ በመሐሉ ሰፊ ክፍተት ያለው ያስፈልጋል፤ ጭቃው በየርግጫው እየተራገፈ የሚወርደው በክፍተቱ ነው። የሳሎሞን ስፒድክሮስ የተሠራው ለዚህ ዓይነት ለስላሳ መሬት ነው። ጎርቴክስ እዚህም አያስፈልግም። ውኃው በቁርጭምጭሚት በኩል ከላይ ከገባ አይወጣም፤ ተራው ጨርቅ ግን ያፈስሰዋል፣ ቶሎም ይደርቃል። ታኬታ ከጫካ ጫማ ጋር አይምታታባችሁ። ጥርስ ስላለው ይመሳሰላል እንጂ ለሳር ሜዳ የተሠራ ነው፤ ኮረኮንች ላይ እግር ይሰብራል።

ወጣቶቹ ዛሬ በስልክ የሚጠይቁት በቴሌቪዥን ያዩትን ወፍራም የካርበን ጫማ ነው። ያ ጫማ ለአስፋልት ውድድር የተሠራ ነው። ሶሉ ከፍ ያለና ግትር ስለሆነ የዛፍ ሥርና ድንጋይ ባለበት ጫካ ቁርጭምጭሚት ያስጠመዝዛል። አስፋልት ላይም ቢሆን ሕግ አለው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ደራራ ሁሪሳ የቪየናን ማራቶን አንደኛ ሆኖ ከጨረሰ በኋላ የጫማው ሶል 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በመገኘቱ ድሉ ተሰረዘ። የሚፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ነበር። ለልጁ የሚላክ ጫማ ለውድድር ከሆነ አሠልጣኙ ይጠየቅ።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እስከ 10 ኪሎ ሜትር ለሚሮጥ ቀለል ያለ፣ ሶሉ ሳሳ ያለ፣ መሬቱን በደንብ የሚያስረግጥ ጫማ ይሻላል። ርቀቱ ወደ 42 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ሲሄድ እግር ያብጣል፣ ጡንቻም ይደክማል፤ ስለዚህ ወፈር ያለ ሶልና ጣት እንደ ልቡ የሚዘረጋበት ሰፋ ያለ አፍንጫ ያስፈልጋል። የረጅም ርቀት ሯጮች እንደ ሆካ ስፒድጎት ያሉትን የሚወዱት ለዚህ ነው። የተረከዙ ሶል ከፊተኛው ምን ያህል ከፍ እንደሚልም እዩ። 10 ሚሊ ሜትር ልዩነት የለመደን እግር በአንድ ጊዜ ወደ ዜሮ ማውረድ ባትንና የተረከዝ ጅማትን ይጎዳል።

ሰው ብዙ ገንዘብ የሚያጠፋው በቁጥር ነው። «42 ነው» ብሎ መላክ አይበቃም፤ የአንዱ ፋብሪካ 42 ከሌላው ይለያል። ልጁ አመሻሹ ላይ፣ እግሩ ሲፋፋ፣ ካልሲ አድርጎ ተረከዙን ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ወረቀት ላይ ይቁም። ከግድግዳው እስከ ረጅሙ ጣት ጫፍ በሴንቲ ሜትር ይለካ። ሁለቱም እግሮች ይለኩ፣ የሚያዘው የትልቁ ነው። በዚያ ላይ ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ይጨመር፤ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ከሆነ ትንሽ ከዚያም ከፍ ይበል። ከዚያ የጫማው ምላስ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ፤ ብዙዎቹ በሴንቲ ሜትር የተጻፈ የእግር ልክ አላቸው። አንዳንዱ የሚጽፈው ባዶውን የእግር ርዝመት ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የውስጥ ንጣፉን አውጥታችሁ ራሳችሁ በሜትር ለኩት። ሲታሰርም ከላይ የቀረችውን ትርፍ ቀዳዳ ተጠቅሞ ተረከዙን አጥብቆ መያዝ ጣት ወደ ፊት እንዳይሄድ ያደርጋል።

አሮጌ ጫማ ከሐራጅ የሚገዛም አለ። ደቡብ ጂዳ ያለው ሐራጅ አስ ሰዋሪኽ ላይ ጥሩ ነገር አይጠፋም፤ ግን ላዩ ንጹሕ ነው ብላችሁ አትግዙ። የሩጫ ጫማ የሚሞተው ከውስጥ ነው፤ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሮጠ በኋላ ለስላሳው ሶል ይደርቃል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ካልተመለሰ፣ ጎኑ ላይ የተጨማደደ መስመር ካለ፣ ተረከዙ በአንድ ወገን ከተበላ ተዉት። ተቅሊድ፣ ማለትም አስመስሎ የተሠራ፣ የሆነው ደግሞ ከላይ አስሊውን (እውነተኛውን) ይመስላል፤ ጎማው ግን እርጥብ ድንጋይ ላይ አይይዝም። በዚያው ገንዘብ ተኽፊድ (የዋጋ ቅናሽ) ጠብቃችሁ ያለፈውን ዓመት አስሊ ግዙ። ያለፈው ዓመት ሞዴል እግር አያውቀውም፤ ተቅሊዱን ግን ልጁ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ያውቀዋል። እባካችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ደውላችሁ ስለ መሬቱ ጠይቁት።